የገና መንገድ በጉና ግርጌ

የታኅሣሥ ወር በገባ ጊዜ የደጋው አገር መልኩ ይለወጣል። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ጠርቶ ደመና የሚባል አይታይበትም። ቀን ፀሐዩ ብሩህ ነው፤ ሌሊት ግን ቍሩ እስከ አጥንት ይዘልቃል። ማለዳ በሩን የሚከፍት ሰው በሣሩ ላይ የተኛውን አመዳይ ሲያይ ነጭ ነጠላ የተሰጣ ይመስለዋል። ገብሱ ታጭዶ፣ ነዶው ተከምሮ፣ አውድማው በእበት ተለቅልቆ፣ በሬዎች ምርቱን የሚያበራዩበት ወራት ነው።

በፈረንሳይ አገር ገጠር የኖሩ ወይም ስለዚያ ያነበቡ ሰዎች፣ የዚያን አገር ክረምት በናፍቆት ሲያወሱ ሰምተን ይሆናል። የእነርሱ ክረምት እንደ እኛው የዝናምና የጭቃ ወራት አይደለም፤ የብርድና የበረዶ ወራት ነው። በዚያን ጊዜ ቅጠሉ በረገፈ ደን ውስጥ ጸጥ ብሎ መራመድ፣ በልደት ዋዜማ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ፣ ከእኩለ ሌሊት ጸሎት በኋላም ከቤተ ሰብ ጋራ ለማዕድ መቀመጥ የቈየ ልማዳቸው ነው። ያን የሌሊት ማዕድ «ሬቬዮን» ብለው ይጠሩታል፤ ስሙም ከመንቃት የመጣ ነው፤ ሳይተኙ ነቅተው የሚበሉት ማለት ነው። እንዲህ መንገድና ማዕድ የተጋጠሙበት በዓል ለባዕድ አገር ብቻ የተሰጠ ለሚመስለው አንባቢ፣ በጉና ተራራ ግርጌ ያየሁትን ልተርክለት አሰብሁ።

በ2011 ዓ.ም. በጾመ ነቢያት ወራት፣ በጉና ግርጌ የሚኖሩት አክስቴ መልእክት ላኩብኝ። «ዘንድሮ ገናን ከኔ ጋራ ዋል፤ ምክንያቱን ስትመጣ ታየዋለህ» የሚል ነበር። እኔ ግን ምክንያቱን ሳልሄድም ዐውቀው ነበር። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ከአባታቸው ሞት በኋላ ስለ አንዲት የድንበር መሬት ተጣልተው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የእግዜር ሰላምታ እንኳ ሳይሰጣጡ ቈይተዋል። ስለዚህ የእናትየው ገና ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ታላቁ ጧት መጥቶ ይሄዳል፤ ታናሹ ወደ ማታ ይመጣል። ሁለቱም እናታቸውን ያከብራሉ። ነገር ግን አንዱ የሌላውን ጫማ በእናቱ ደጅ ካየ፣ ከበሩ ተመልሶ ይሄዳል እንጂ አይገባም።

ታኅሣሥ 26 ቀን ዓርብ ከባሕር ዳር ተነሣሁ። መንገዱ የጣናን ምሥራቃዊ ዳር ተከትሎ በፎገራ ሜዳ ያልፋል። ፎገራ የሩዝ አገር ሆኗል፤ በዚያ ወራት የታጨደው ሩዝ ጭድ በየማሳው ተከምሮ እንደ ወርቅ ያብረቀርቃል። ወረታ ከተደረሰ በኋላ መንገዱ ሜዳውን ትቶ ወደ ምሥራቅ ሽቅብ መውጣት ይጀምራል። ከወረታ እስከ ወልድያ የሚዘልቀውን ይህን ጐዳና ቻይናውያን ስለሠሩት ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። በእያንዳንዱ ጥምዝ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ ባሕር ዛፉ እየበዛ፣ የመንገደኛውም ጋቢ ከትከሻ ወደ ራስ እየወጣ ይሄዳል። ፀሐይ ስትጠልቅ ደብረ ታቦር ገባን።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ከተማ ናት። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ራስ ጉግሣ መርሳ እንደ ቈረቈሯት ይነገራል። ስሟን ያገኘችው ጌታችን ብርሃነ መለኮቱን ከገለጠበት ከታቦር ተራራ ነው። ከዚህች ከተማ ወደ ምሥራቅ፣ በጋይንት ምድር፣ ደግሞ ቤተ ልሔም የምትባል ደብር አለች፤ የድጓ መምህራን የሚመሰክሩባት ስመ ጥር የዜማ ቤት ናት። እንግዲህ በዚህ አገር በእግሩ የሚሄድ ሰው ከታቦር ተነሥቶ ወደ ቤተ ልሔም ሊሄድ ይችላል፤ በመካከሉም ጉና ቆሟል። አባቶቻችን ቦታዎቹን ሲሰይሙ የወንጌሉን አገር በገዛ ደጃቸው አኑረውታል።

ከተማይቱ ደስታንም ኀዘንንም አይታለች። ስለ ማዕድ በሚወራበት ጊዜ አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ከታናሹ ራስ ዐሊ ጋራ በደብረ ታቦር ተዋግተው፣ የራስ ዐሊን ጦር አሸነፉ። ድል አድርገው በድንኳናቸው ሲያከብሩ ግን የራስ ዐሊ ወገን የሆኑት ብሩ ዐሊጋዝ ድንገት ደርሰው ማረኳቸው። በጦር ሜዳ ያልተገኘው ሽንፈት በግብር ላይ ተገኘ። ግብዣ ትጋትን ካስረሳ የጠላት መንገድ እንደሚሆን፣ ይህን የመሰለ ትምህርት በታሪካችን ጥቂት ነው።

ከከተማይቱ አጠገብ ጋፋት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮጳውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስፍረው መድፍ ያሠሩበት፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተሠራበት ስፍራ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ያን መድፍ በሰው ጕልበት እያስጐተቱ ወደ መቅደላ ሄዱ። መንገድ እየጠረጉ፣ ገደል እየናዱ፣ ወራት የፈጀ ጉዞ ነበር። ሸክም ይዞ በዚህ ተራራማ አገር መሄድ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሚሻ ሰው ያን ጉዞ ያስበው። እኔም በማግሥቱ ከታላቁ የአክስቴ ልጅ ጋራ ስሄድ፣ መድፍ ያልሆነ፣ ግን የማይቀል ሸክም ያየሁ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ታኅሣሥ 27 ቀን፣ የመድኃኔ ዓለም ዕለት፣ ገና ሳይነጋ ወደ ክምር ድንጋይ በሚሄድ መኪና ተሳፈርሁ። የአክስቴ ልጅ ባና ተከናንቦ፣ በትሩን ይዞ ከመንገድ ዳር ጠበቀኝ። «ቀጥታ ወደ ቤት እንውረድ ወይስ ተራራውን ልታይ ትወዳለህ?» አለኝ። በሕፃንነቴ አባቱ ወደዚያ ወስደውኝ ስለ ነበር፣ ተራራውን መረጥሁ።

ያን ዕለት ማለዳ የሄድነው መንገድ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። አመዳዩ ሳይቀልጥ ስለ ነበር፣ ከእግራችን በታች ሣሩ እንደ ደረቅ ቆሎ ይንኰሻኰሻል። ትንፋሻችን እንደ ጪስ ከፊታችን ይወጣል። በመጀመሪያ የታጨዱ የገብስ ማሳዎችን፣ ቀጥሎም የድንች እርሻዎችን አለፍን። ከየጐጆው ጣራ የኩበት ጪስ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ነፋስ አልነበረምና። የፋርጣ በጎች ከበረት ሲወጡ የጠጕራቸው ጫፍ በውርጭ ነጥቶ ነበር። እረኞቹ ልጆች እጃቸውን በብብታቸው ከተው ፀሐዩን ይጠብቃሉ።

እርሻው ሲያበቃ የአስታው ቍጥቋጦ ይጀምራል፤ ከአስታው በላይ ደግሞ ጓሳው ይዘረጋል። ለጣራ ክዳን የሚታጨደው፣ ለገመድ የሚገመደው ይህ ሣር ነው። ከጓሳው መካከል ጅብራው እየብቻው ቆሞ ይታያል። ጅብራ ብዙ ዓመት ቅጠሉን ብቻ ይዞ ይኖርና፣ በመጨረሻ ከመካከሉ ረጅም አገዳ አውጥቶ አንድ ጊዜ ያብባል፤ ካበበም በኋላ ይደርቃል። ከዚያ በላይ ድንጋዩና ሰማዩ ብቻ ናቸው። የጉና ራስ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፤ ስለዚህ ከቈላ የወጣ ሰው ጥቂት በተራመደ ቍጥር ቆሞ መተንፈስ ግዱ ነው።

በዚያ ከፍታ ያለው ጸጥታ በከተማ የምናውቀው ዐይነት አይደለም። ቍራ በላያችን ሲያልፍ የክንፉ ድምፅ ይሰማ ነበር። የአክስቴ ልጅ ከተገናኘን ጀምሮ ዐሥር ቃል የተናገረ አይመስለኝም። እኔም ስለ ወንድሙ ልጠይቀው ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ሰው ከሰው ጋራ ጐን ለጐን ሲራመድ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ የማይናገረውን የሚናገርበት ሰዓት እንደሚመጣ ከልምድ ዐውቃለሁና፣ ሰዓቱን ጠበቅሁ።

ረፋድ ላይ ነፋስ ከማያገኘን ቋጥኝ ሥር ተቀመጥን። ቅዳሜ ስለ ነበር እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም አልነበረም፤ በሶና ቆሎ አወጣ። በሶውን በጨውና በውሃ በጥብጦ በቅል ሰጠኝ። ወደ ምዕራብ ብናይ ጣና እንደ ተወለወለ ብረት ያበራል። ርብና ጉማራ ከዚሁ ተራራ ተነሥተው ወደዚያ ሐይቅ ይወርዳሉ፤ በሌላው ወገን ያለው ውሃ ደግሞ በሸለቆው ዞሮ ወደ ዐባይ ይገባል። አንድ ተራራ ውሃውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ጣናም ለዐባይ የሚሰጥ ነውና፣ ሁለቱ በመጨረሻ በአንድ ወንዝ ይገናኛሉ።

በዚያ ተቀምጠን ሳለ አንድ ፈረንሳዊ ትዝ አለኝ። አንቷን ዳባዲ የተባለው ይህ ሰው በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት፣ ከ1830ዎቹ መጨረሻ እስከ 1848 እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር፣ በአገራችን በእግሩ እየዞረ የሰሜኑን ተራሮች በመሣሪያ ለክቶ ካርታ አንሥቷል። ወደ አገሩም ከተመለሰ በኋላ ሄንዳይ በተባለ ስፍራ፣ በባሕር ዳር፣ ትልቅ ቤት ሠራ። በቤቱም ውስጥ በእኛው ፊደል በአማርኛ አስጻፈ፤ ቤቱም እስከ ዛሬ ቆሞ ይጐበኛል። መንገደኛ የተራመደበትን አገር ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል ማለት ነው። ሰው ከመንገዱ ምን ይዞ እንደሚመለስ ግን ለየራሱ የተተወ ነው።

የአክስቴ ልጅ ተነሥቶ እጁን በግንባሩ ላይ አድርጎ ወደ ታች ማየት ጀመረ። ብዙ ጊዜ ቈየ። «ምን ትፈልጋለህ?» አልሁት።

«ያችን መሬት» አለ። «የኛን መንደር አየሁት። ቤተ ክርስቲያኑንም አየሁት። እርሷን ግን አጣኋት።»

እኔም ተነሥቼ ዐብሬው ፈለግሁ። መንደሩ እንደ እፍኝ ጠጠር ተበትኖ ይታያል። የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ከጥዱ መካከል ያብለጨልጫል። ማሳዎቹ ግን እርስ በርስ ተያይዘው አንድ ብርማ ምንጣፍ ሆነዋል። ወንድማማቾቹ የተጣሉባት ድንበር በዚያ ሁሉ ውስጥ አልተገኘችም። ሰውዬው ሳቀም፣ አላዘነምም። «አትታይም» ብሎ ባናውን አጣፋና ቍልቍለቱን ጀመረ። እኔም ከዚህ በላይ ምንም አልጠየቅሁትም።

አክስቴ ቤት የደረስነው ወደ ማታ ነው። እትዬ በእልፍኙ በር ቆመው፣ እግሬን የማጥብበት ሙቅ ውሃ አዘጋጅተው ጠበቁኝ። «ይህን ልጅ በብርድ ልትገድለው ነው?» ብለው ልጃቸውን ተቈጡት። ከምድጃው ዳር ተቀምጠን የገብስ እንጀራ በሽሮና በሥልጆ በላን። የጾም ማዕድ ነውና ቅቤም ሥጋም አልነበረበትም፤ ነገር ግን ከጉና ለወረደ ሰው ከዚያ የሚበልጥ መብል ያለ አልመሰለኝም። ሰው ስለ በዓል ማዕድ ብዙ ያወራል፤ በዓሉን የሚያጣፍጠው ግን ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ ከአርባ ቀን በላይ የሚበላው ይኸው የጾም ማዕድ ነው። ያልተራበ አይጠግብምና።

እሑድ የዋዜማው ዕለት ቤቱ በሥራ ተሞላ። ጠላው ከቀናት በፊት ተጠምቆ በጋኑ ይፈላል። ድፎው በኮባ ተጠቅልሎ ከታችና ከላይ እሳት ተደረገለት። ሽንኵርቱ ደቅቆ ተከተፈ፤ ቅቤው ተነጠረ፤ ዶሮው በዐሥራ ሁለት ብልት ተለየ። ከሁሉም ያስደነቀኝ ሴቶቹ ወጡን የሚሠሩት ሳይቀምሱት መሆኑ ነው። ጾሙ ገና አልተፈታምና፣ የጨዉንም የበርበሬውንም ልክ በሽታና በዐይን ብቻ ይለዩታል። እትዬ ከድስቱ የሚወጣውን እንፋሎት በእጃቸው ወደ አፍንጫቸው ስበው ጥቂት ያስባሉ፤ ከዚያም «ጨው ጐድሎታል» ይላሉ። ነገ ሌላው በሚበላው ነገር ዛሬ እጅን ሳይሰስቱ፣ አፍን መከልከል፣ ይህ የእናቶቻችን ትጋት በመጻሕፍት ብዙ አልተጻፈለትም።

ማታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። መንደሩ ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ በጨረቃ ባልደመቀው ሌሊት በከዋክብት ብርሃን ይጓዝ ነበር። ውስጥ ማኅሌቱ ቆሟል። በደብረ ታቦር አገር የሚታወቀው የአቋቋም ስልት የተክሌ ነው፤ የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና በሐይቁ ዳር ያለው ደንገል በነፋስ ሲወዛወዝ አይተው እንደ ደረሱት፣ ልጃቸው ተክሌም እንዳስፋፉት ይነገራል። መዘምራኑ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲያዘነብሉ፣ በእውነት ነፋስ የነካው ደንገል ይመስላሉ። ደጅ ውርጩ ይወርዳል፤ ውስጥ የጧፉ ሙቀትና የዕጣኑ ጪስ ሰውን አንድ ያደርገዋል። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ቅጥር ውስጥ ቆመው ነበር፤ አንዱ ከምሥራቁ በር፣ አንዱ ከምዕራቡ በር። እናታቸው በሴቶቹ ወገን ቆመው ወደ ሁለቱም አይመለከቱም ነበር፤ አንገታቸውን ደፍተው ነበርና።

ቅዳሴው አልቆ ስንወጣ ሊነጋጋ ነው። የቅርጫው በሬ ከሚታረድበት ሜዳ አባ ወራዎቹ ተሰበሰቡ። የቅርጫ ሥርዓት ምን እንደ ሆነ ሁላችን እናውቃለን። ለብቻው በሬ መግዛት የማይችለው ከጎረቤቱ ጋራ ገንዘብ አዋጥቶ ይገዛል፤ ሥጋው ከየብልቱ እኩል ተቈርጦ፣ በተነጠፈ ቅጠል ላይ መደብ መደብ ሆኖ ይደለደላል። ከዚያም እያንዳንዱ ምልክቱን፣ ማለትም ጠጠር ወይም ስንጥር እንጨት ወይም ቅጠል፣ ይሰጣል። ያላየ ሰው ተጠርቶ ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ያኖራቸዋል። የደረሰውን የሚያጕረመርም የለም፤ ዕጣው ፈርዷልና። በመሬት የሚጣላ ሕዝብ በሥጋ እንዳይጣላ አባቶች የሠሩት ጥበብ ነው።

የዚህ ቅርጫ አባላት ስምንት ቤቶች ነበሩ። ታናሹ ወንድም ከጠቡ ወዲህ ከአባቱ ቅርጫ ወጥቶ ከሌላ መንደር ጋራ ይገባ ነበር። ያን ዕለት ግን መዳቢው መደቡን ሲቈጥር ዘጠኝ ሆነ። «ዘጠነኛው የማነው?» ተባለ። እትዬ ከሰዎቹ ኋላ ቆመው ነበር። «የልጄ ነው» አሉ። «የእንቍላልና የቅቤ ገንዘብ አጠራቅሜ የከፈልሁት እኔ ነኝ። ምልክቱም ይኸው» ብለው ከነጠላቸው ጫፍ የፈቱትን አንድ የባቄላ ፍሬ ሰጡ።

ዕጣው ወጣ። ባቄላው ያረፈበት መደብ ብቻውን በቅጠሉ ላይ ቀረ። ሰው ሁሉ ዝም አለ። እትዬ ወደ ታላቁ ልጃቸው ዘወር ብለው፣ «አድርስለት» አሉት፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። እርሱም ብዙ ቆሞ መሬቱን አየ። በመጨረሻ ጐንበስ ብሎ ሥጋውን በቅጠል ጠቀለለና በትከሻው አደረገው። እኔንም «ና፣ ዐብረን እንሂድ» አለኝ።

ከዚያ ሜዳ እስከ ታናሹ ወንድሙ ደጅ የሚወስደው መንገድ የዐሥር ደቂቃ መንገድ ነው። በዋዜማው ዋዜማ ግማሽ ቀን ሽቅብ የወጣነው የጉና መንገድ ግን እንደዚህ አልረዘመብኝም። አመዳዩ በገለባው ላይ ያበራል። ሰውዬው ሁለት ጊዜ ቆመ። በመጀመሪያ ሸክሙን ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ አዛወረ። በሁለተኛው ጊዜ የቆመው ከዚያች ከተጣሉባት መሬት ዳር ነበር። ከላይ ሆኖ ያጣት፣ በቅርብ ሲያያት አንድ ጥማድ እንኳ የማትሞላ፣ ድንጋይ የበዛባት መሬት ናት። ጥቂት አይቷት አለፈ።

በደጁ የምትጫወት ሕፃን ልጅ ነበረች። የወንድሙ ልጅ ናት፤ ሦስት ዓመት ያህል ይሆናታል፤ ስለዚህ አጎቷን አታውቀውም። «አባትሽን ጥሪልኝ» አላት። ታናሹ ወንድም ወጥቶ አየን፤ ሥጋውንም አየ። «ከእናታችን ነው» አለ ታላቁ። ያም ዝም ብሎ ቈየና፣ «ብርድ ነው፤ ግቡ» አለ።

ገባን። ስለ መሬት የተነሣ ነገር አልነበረም፤ ይቅርታም በቃል አልተጠየቀም። ሚስትየው ደንግጣ ጠላ ቀዳች። ስለ ገብሱ ምርት፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ አንድ የታመመ በሬ አወሩ። ጠላው ሁለተኛ ሲቀዳ ታላቁ ተነሣና፣ «እማማ ዳቦውን ሳትቈርስ ትጠብቃለች» አለ። ታናሹም ጋቢውን አንሥቶ፣ ሕፃኗን አዝሎ ተከተለን።

የእትዬን ማዕድ በዝርዝር ልናገር አልችልም፤ አንባቢዎቼ በየቤታቸው የሚያውቁት ነው። ድፎው ተባርኮ ተቈረሰ፤ ዶሮው ከነእንቍላሉ ቀረበ፤ ጥብሱም ዱለቱም ተከተለ፤ ጠላውም በዋንጫ ዞረ። ሳይቀመስ የተሠራው ወጥ ጨዉ ልክ ነበር። እኔ ግን ከማዕዱ ይልቅ የማስታውሰው ውሃ ልቀዳ ስወጣ በደጃፉ ያየሁትን ነው። ሁለት ጥንድ ኮንጎ ጫማ፣ ጭቃውና ገለባው እንደ ተጣበቀባቸው፣ ጐን ለጐን ተቀምጠው ነበር። እትዬም ወጥተው አዩአቸው። ጐንበስ ብለው አንዱን ጥንድ ከፀሐዩ ወደ ጥላው ሳቡት፤ ከዚያም ምንም ሳይናገሩ ተመልሰው ገቡ።

ከሰዓት በኋላ የመንደሩ ጐልማሶች በታጨደው ማሳ ላይ ገና ተጫወቱ። ጫፉ ቈልመም ያለውን በትር ይዘው፣ የእንጨቷን ሩር እየመቱ ከዳር እስከ ዳር ይሯሯጡ ነበር። በዚያ ዕለት ጌታም ሎሌም እኩል ነው፤ የተመታ አይቈጣም። ሁለቱ ወንድማማቾች በተቃራኒ ወገን ተሰልፈው ነበር፤ ታናሹ የታላቁን ቍርጭምጭሚት በበትሩ ሲያገኘው ሰዉ ሁሉ ደነገጠ። ታላቁ ግን እግሩን እያሻሸ ሳቀ። ያን ሳቅ ከሦስት ዓመት በኋላ መስማታቸው እንደ ሆነ ጎረቤቶቹ ነገሩኝ።

እውነቱን ለመናገር የድንበሩ ነገር በዚያ ዕለት አልተቈረጠም። ከጥምቀት በኋላ ሽማግሎች ተቀምጠው፣ ገመድ ተጥሎ፣ ብዙ ክርክርም ተደርጎ ነው የተፈጸመው። ነገር ግን ሽማግሌ የሚሰማው ጆሮ ሲኖር ነው፤ ጆሮውን የከፈተችው ያች የዐሥር ደቂቃ መንገድ ናት። ሥጋው በልጅ እጅ ተልኮ ቢሆን ኖሮ ሥጋ ሆኖ ይቀር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያ አገር ብዙ መከራ አይቷል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የጦርነቱ እሳት እስከ ጉና ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ አገር በተነሣው ውጊያ መንገዱ ለብዙ መንገደኛ ተዘግቶ፣ ለገና ወደ ወላጁ ደጅ መድረስ ያልተቻለባቸው ዓመታት አልፈዋል። በብዙ ቤት ማዕዱ ቀርቦ ጫማው ከደጅ ታጥቷል። ስለዚህ ያን የታኅሣሥ ማለዳ ሳስበው፣ ተራራውንና ዶሮውን ብቻ ሳይሆን፣ መንገዱ ክፍት የነበረበትን ጊዜ አስባለሁ። ክፍት መንገድ ያለው ሰው፣ ደጁ ዐሥር ደቂቃ የሚርቅ ወንድም ያለው ሰው፣ ያልተጠቀመበት ሀብት አለው።

አንባቢ ሆይ፣ የፈረንሳዩን በረዶና ደን ማየት ለጥቂቶች የተሰጠ ነው። በቍር ማለዳ ተነሥቶ ጸጥ ብሎ ተራምዶ፣ ተመልሶም ከወገን ጋራ ማዕድ መቍረስ ግን ለሁላችን የተሰጠ ነው። ገና ሲደርስ በሬውና ዶሮው፣ ጠላውና ድፎው ይታሰባሉ፤ መታሰባቸውም ተገቢ ነው። ከእነርሱ በፊት ግን ወደ ማን ደጅ መራመድ እንደሚገባን እናስብ። እትዬ ያችን የባቄላ ፍሬ ምልክት ካደረጉ በኋላ አልበሏትም፤ በክረምቱ በጓሯቸው ዘሯት ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት ስለ እርሷ ስጠይቃቸው፣ «በቅላለች፤ ዘንድሮም ምልክት አላጣም» አሉኝ።

ለከርሞው ገና በሰላም ያድርሰን።